ግራ ጆሮዬን ያጠፋው መምህር

ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ግድግዳውን ነው። ግድግዳው በግራዬ፣ ሰዎቹ በቀኜ እንዲሆኑ አድርጌ እቀመጣለሁ። ልጆቼ ይህን ልማዴን የእርጅና ጠባይ ያደርጉታል። እርጅና አይደለም። ግራ ጆሮዬ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አይሰማም፤ ያጠፋውንም ሰው አውቀዋለሁ።

ያደግሁት ቡታጅራ ነው፣ በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት። አባቴ የመስቃን ሰው፣ በርበሬ ነጋዴ ነበር። እናቴን ያመጣት ከተራራው ማዶ፣ ከቸሃ፣ እምድብር አጠገብ ካለ መንደር ነው። ከእናቴ ጋር የማወራው በእሷ ቋንቋ ነበር፤ አማርኛ የገበያና የትምህርት ቤት ነው። በእናቴ ቋንቋ ድምፅ ማጥበቅ ብዙም አይታወቅም። በአማርኛ ግን ማጥበቅና ማላላት ትርጉም ይለውጣል፣ ፊደሉ ደግሞ አያሳየውም። «ሰፊ» ላልቶ ሲነገር ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ጠባብ ያልሆነ ነገር ነው። ሲጻፉ አንድ ናቸው።

አማርኛ የሚያስተምረን ከሰሜን የመጣ መምህር ነበር። አለባበሱን የሚጠነቀቅ ሰው ነው። የቡታጅራ ጭቃ ጫማው ላይ ባረፈ ቁጥር እኛ የረጨንበት ይመስል ነበር የሚገላምጠን። ሁልጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበረው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ከዚያ የአንዱን ስም ይጠራና «ጠበቀ ወይስ ላላ? ትርጉሙስ?» ይላል። የሳተ ይቆማል። ደግሞ የሳተ ወደ ፊት ወጥቶ እጁን ይዘረጋል።

እኔ ብዙ ጊዜ አልስትም ነበር። ገበያ ለገበያ ያደግሁ ልጅ ነኝ። አባቴ በርበሬ ሲመዝን አጠገቡ ተቀምጬ፣ አህያ እየጮኸ፣ ሻጭ እየተጣራ፣ ከሦስት ሰው ወዲያ የሚንሾካሾኩትን ሰምቼ እነግረው ነበር።

ያን ቀን በረዶ ይጥል ነበር። የክፍሉ ጣሪያ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። በረዶው ሲወርድበት አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ድምፅዋን አልሰማም። ሌላ መምህር ቢሆን መጽሐፉን አጥፎ እስኪያባራ ይጠብቅ ነበር። እሱ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያ ጮክ ብሎ ስሜን ጠራ።

ከዓረፍተ ነገሩ የያዝኩት «ሰፊ» የምትለውን ብቻ ነው። ቆሜ «ልብስ የሚሰፋ ሰው» ብዬ ጮህኩ። የፊተኞቹ ሳቁ።

«ድገሚ!» አለ።

«ጌታዬ፣ በረዶው ነው፣ አልሰማሁም።»

ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ ወንበር መጣ። ቀስ ብሎ ነው የመጣው። «በረዶው ላንቺ ብቻ ነው የሚዘንበው? ያ የእናትሽ ቋንቋ ጆሮሽን ደፍኖታል። ቆይ እኔ እከፍትልሻለሁ።»

መዳፉን ሙሉ አድርጎ ግራ ጆሮዬ ላይ አሳረፈው። መጀመሪያ የመጣው ሕመም አልነበረም። አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፣ ከራሴ ውስጥ የወጣ። ከዚያ ፉጨት ተከተለ። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ በረዶው ከጣሪያው በአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ መሰለኝ። በግራዬ በኩል ያለው ክፍል፣ ከነልጆቹ፣ ጠፋ።

እናቴ ጤና አዳም ጨምቃ ጆሮዬ ውስጥ ጨመረችልኝ። ትራሴ ላይ ውሃ መሰል ነገር ፈሰሰ፤ እሱም ሲደርቅ ጆሮዬ አብሮት ደረቀ። አባቴ ሦስት ቀን እንደ ወትሮው ገበያ ዋለ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋቢውን ለብሶ «ተነሺ፣ ትምህርት ቤት እንሂድ» ሲለኝ ልቤ ዘለለ። አባቴ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ገበያ ውስጥ የሚደፍረው የለም። ያን ሰው ከኮቱ ይዞ ሲነቀንቀው በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ነበር ከአልጋ የወረድኩት።

በር ላይ አንድ ቅል ለጋ ቅቤ አሸከመኝ።

መምህሩ ቢሮው ደጃፍ ቆሞ አገኘነው። አባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ልጅቷ አስቀይማዎት ከሆነ ይቅር ይበሉን» አለ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «ትምህርቷን እንዳያቋርጡብኝ።»

«ለእሷው ብዬ ነው» አለ መምህሩ። ቅቤውን ከእጄ ተቀበለ፤ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው።

«ጉልበታቸውን ሳሚ» አለኝ አባቴ።

ሳምኩ። ሱሪው ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። አፌን ጉልበቱ ላይ አድርጌ ሳለሁ አንድ ነገር ለራሴ ተናገርኩ፤ ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ መቻሏ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ «የመንግሥት ሰው ነው፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። በግራዬ በኩል ስለነበር ሁለቴ መድገም ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ያስቸገረኝ ነገር ለማንም አይገባም ነበር። ቤት ውስጥ፣ ጸጥ ባለ ቦታ፣ ሁሉንም እሰማለሁ። እናቴ «ዳንሽ እኮ!» ትለኛለች። ገበያ ስወጣ ግን ድምፅ ሁሉ እንደ ጎርፍ አንድ ላይ ይመጣብኛል። ሰው ሲጠራኝ ከወዴት እንደጠራኝ አላውቅም፤ ዞር ዞር ስል ልጆች ይስቃሉ። ቃላቱ ይደርሱኛል፣ ጠበቁ ላሉ የሚለው ግን አይለይልኝም። ክፍል ውስጥም ያው ሆነ። መምህሩ ከዚያ ወዲህ አልመታኝም። የባሰ ነገር ነው ያደረገው። ተራዬ ሲደርስ «እሷን እለፏት፣ ደንቁራለች» ብሎ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ወደ ወገኖቿ ወሰደችኝ። እምድብር ሚሲዮን ውስጥ ክሊኒክ አለ፣ እዚያ ያለችው ፈረንጅ መነኩሲት ጆሮ ታያለች ብለዋት ነው። ተራራውን በእግራችን አቋርጠን አረቅጥ ከተማ አንድ ዘመድ ቤት አደርን፤ በማግስቱ አመሻሽ ላይ እምድብር ገባን። መንገዱን ሙሉ ንፋሱ ከግራ ነበር። ፊቴን ሲመታኝ ይሰማኛል፣ ድምፁ ግን የለም።

ሲስተሯ አሮጊት ናት፣ አጭር፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የምትሰበስብ። አማርኛዋ ዜማ ያለው ይመስላል። በትንሽ መብራት የጆሮዬን ውስጥ አየች።

«ማን ነው የመታሽ?»

እናቴ «ወድቃ ነው» አለች።

«መምህሬ ነው» አልኩ እኔ።

ሲስተሯ እናቴን አላየቻትም። መብራቱን አጠፋችና «ይህ ጆሮ አይመለስም» አለችኝ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገር። ማልቀስ ስላልፈለግሁ ያንኑ የሚያስጨንቀኝን ነገር አነሳሁ። «ሲስተር፣ በሌላኛው እሰማለሁ። ታዲያ ሰው ሲበዛ ለምን ደደብ እሆናለሁ?»

ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ቀኜ ሳብ አድርጋ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ወደ እኛ አገር ከመምጣቷ በፊት ብዙ ዓመት ቻይና ነበረች፤ መንግሥት ሲለወጥ ነው የተባረረችው። በዚያ አገር ቋንቋ አንድ ቃል በድምፁ ከፍና ዝቅ ማለት ሌላ ቃል ይሆናል። «ማይ» የምትለዋን ድምፅ ወደ ታች አውርደሽ ብታነሽያት «መግዛት» ናት፤ ከላይ ወደ ታች ብትጥያት «መሸጥ» ናት። ሁለቱንም እየደጋገመች አሰማችኝ፣ እናቴም አፏን ይዛ ሳቀች።

«አንድ ጊዜ አንዱ ጆሮዬ ቆስሎ በፋሻ ታስሮ ነበር» አለች ሲስተሯ። «እንደዚያው ሆኜ ገበያ ወጣሁ። አንድ ሰው አህያዬን ይዞ ‹ልግዛ› ይለኛል። እኔ ሌላ አህያ ‹ልሽጥልሽ› ያለኝ መሰለኝ። ‹ጥሩ ነው› አልኩት። አህያዬን እየነዳ ሄደ! በቤቴ፣ በጸጥታ፣ እንደዚያ ያለ ስሕተት ሠርቼ አላውቅም።»

ከዚያ በሁለት እጇ ሁለቱን ጆሮዎቿን ያዘች። «ድምፅ ከቀኝ ሲመጣ ቀኝሽ ቀድሞ ይሰማዋል። ግራው ትንሽ ዘግይቶ፣ ትንሽ ደክሞ ይሰማዋል። ጭንቅላትሽ ሁለቱን ያስተያይና ‹ጫጫታው ከዚያ ነው፣ የሚያናግረኝ ሰው ከዚህ ነው› ብሎ ይለያል። አንድ ጆሮ ብቻ ሲቀር የሚያስተያየው የለም። ሁሉም በአንድ በር ተጋፍቶ ይገባል። ቃሉን ታገኚዋለሽ፤ ያ ቀጭን ነገር፣ የድምፁ መውጣትና መውረድ፣ እናንተም ዘንድ መጥበቅና መላላቱ፣ እሱ ነው ግፊያው ውስጥ የሚጠፋው።»

አላመንኳትም መሰለኝ፣ ምክንያቱም ድሬሰሩን ጠራችው። ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ጎንደሬ ነበር፤ አማርኛውን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው። አንድ ጆሮውን በጥጥ ደፈነችው፣ ግቢው ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች መካከል አቆመችው፣ ፊቱን አዞረችው። ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ አንዱ ባልዲ ይጎትታል። እኔ በተደፈነው በኩል ራቅ ብዬ «ሰፊ»፣ «ገና»፣ «ዋና» እያልኩ ተናገርኩ። ድሬሰሩ በየሁለቱ አንዱን ሳተ። ጥጡን ስታወጣለት አንዱንም አልሳተም።

«ደደብ ነው?» አለችኝ ሲስተሯ።

እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እኔ ግን ንዴቴ ዕጥፍ ሆነ። እስከዚያ ድረስ በጥፊ የተወሰደብኝ አንድ ጆሮ ነበር፤ አሁን መምህሩ የሁለቱን ጆሮዎች ሥራ እንደወሰደብኝ ገባኝ።

ሲስተሯ ብልሃት አስተማረችኝ። ጫጫታ ባለበት ግራሽን ለግድግዳ ስጪ። የሚያናግርሽን ሰው አፉን እይ፤ ሲጠብቅ ከንፈር ትንሽ ይቆያል፣ ሲላላ ቶሎ ይለቃል። ቡታጅራ ተመልሼ የአባቴን ትንሽ መስተዋት ይዤ «ሰፊ፣ ሰፊ» እያልኩ ከንፈሬን ሳጠና ዓመቱ አለቀ። ያጠናሁት ለትምህርት ፍቅር ብዬ አይደለም። በዚያ ሰው ፊት ቆሜ አንድም ሳልስት መመለስ ፈልጌ ነው። በስምንተኛ ክፍል ፈተና አማርኛ ላይ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ውጤቱን ይዤ ወደ ቢሮው ስሮጥ በሩ ላይ ሌላ መምህር አገኘሁ። የእኛው ከሳምንት በፊት ተዛውሮ ሄዷል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰዎች ለመምህሬ ያለቀስኩ መስሏቸው አጽናኑኝ።

ሁለተኛ ደረጃ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ተማርኩ። ከዚያ ወልቂጤ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀጠርኩ፤ የመምህራን ዝውውር የሚያልፈው በእኛ በኩል ነበር። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የንጉሡ ፎቶግራፍ፣ ከጎናችን ወፍጮ ቤት። የወፍጮው ሞተር ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ ያለው ቀለም ይንቀጠቀጣል። ወንበሬን ግራዬ ለግድግዳው፣ ቀኜ ለባለጉዳዩ አድርጌ አስቀምጬ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት «ወይዘሪት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ሳልል አወቅሁት። ድምፁ አላረጀም። እሱ ግን ሸብቷል፣ ኮቱም ክርኑ ላይ ሳስቷል። አላወቀኝም። ወደ አገሩ የመዛወር ማመልከቻ አስገብቷል፤ የት እንደደረሰ ሊጠይቅ ነው የመጣው።

ተነሣሁ። ወንበሬን አነሣሁና አዙሬ አስቀመጥኩት፣ ግራዬ ወደ እሱ እንዲሆን። ከዚያ ተቀምጬ «ምን አሉ?» አልኩ።

ደገመው።

«አልሰማሁም፣ ጮክ ይበሉ።»

ጮክ አለ። መተላለፊያው ላይ ያሉት ሰዎች ዞር ብለው አዩት። ሦስተኛ አስደገምኩት። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲወጣ አየሁ። «ነገ ይምጡ» አልኩት። ነገ መጣ፤ ያንኑ አደረግሁ። ደስ አለኝ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ደስ አለኝ። ምሳዬን በደንብ በላሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ አልመጣም። መተላለፊያው ላይ አለቃዬን አስቁሞ ያናግረዋል። ወፍጮው ይጮኻል፣ አንዱ ታይፕ ይመታል፣ ባለጉዳይ ተኮልኩሏል። እኔ ወንበሬን አልመለስኩትም ነበር፤ ስለዚህ እነሱ ያሉት በደነቆረው ጎኔ ነው። አፉን እንዳላይ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ከሚለው ሁሉ አንድ ቃል ደረሰኝ፣ «ታማለች»። ቃሉን ሲጨርስ በትከሻው ላይ ወደ እኔ ተመለከተ።

ላልቶ ነው የሰማሁት። «ታማለች»፣ ሰው ታማለች፣ ስም ታጠፋለች። ለአለቃዬ እየከሰሰኝ መሰለኝ። ፊቴ ጋለ። «ጆሮዬ አልበቃህ ብሎ እንጀራዬ ላይ መጣህ!» አልኩ በልቤ። ማመልከቻው ለፊርማ ከሚገቡት መሐል ነበር። አወጣሁት፣ ያለቁ ፋይሎች የሚከማቹበት መደርደሪያ ታችኛው ረድፍ ውስጥ፣ ከሁሉም ሥር ከተትኩት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። እሱ በየሁለት ቀኑ ይመጣል፣ እኔ «አልደረሰም» እላለሁ። አንድ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆሞ ነበር። አለቃዬ ከበሩ ላይ ሆኖ «የዚያ መምህር ፋይል ምን ሆነ?» አለኝ። «እናቴ ታማለች ብሎ ለምኖኝ ነበር እኮ። ቶሎ ላኪለት ብዬሽ አልነበረም?»

በዚያ ጸጥታ ውስጥ «ታማለች» ጠብቆ፣ ጥርት ብሎ ገባ። እናቱ ናት የታመመችው። «ላኪለት» ማለቱንም ያን ቀን አልሰማሁትም።

ፋይሉን ሳወጣው አቧራ ነበረው። በዚያው ቀን ተፈረመ። በማግስቱ ደብዳቤውን ሰጠሁት። እዚያ ላይ ዝም ብል ይሻል ነበር። አልቻልኩም።

«ያስታውሱኛል?» አልኩት።

ተመለከተኝ። «መዝገብ ቤቷ...»

«ቡታጅራ። ሰባተኛ ክፍል። በረዶ ይጥል ነበር። እዚህ ጆሮዬ ላይ መቱኝ፤ ከዚያ ወዲህ አይሰማም።»

ቁስሉ የሚታይ ይመስል ጆሮዬን አየው። «ስንቱን ልጅ መትቻለሁ» አለ። «ያን ጊዜ እንዲያ ነበር።»

«አባቴ ቅቤ ይዞልዎት መጥቶ ነበር።»

«ቅቤውን አስታውሳለሁ» አለ።

ያን ጊዜ ነው የነገርኩት። «ፋይልዎን ሁለት ሳምንት የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጥሩንባ እየነፋ ነበር፣ ወፍጮውም ተነሥቷል። በሩን ሲያልፍ በግራዬ በኩል አንድ አጭር ነገር ተናገረ። ይቅርታ ይሁን እርግማን አላውቅም። ተከትዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልተነሣሁም።

ከወር በኋላ አለቃዬ እንደዋዛ ነገረኝ። መምህሩ አገሩ የደረሰው እናቱ ከተቀበረች በኋላ ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝን አልደብቅም፤ «ደግ አገኘው!» ነው ያልኩት። ለመስቀል ቡታጅራ ስወርድ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፣ የምትደሰት መስሎኝ። ክትፎው እየተከተፈ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እሷስ ምን አደረገችሽ?» አለችኝ።

«ማን?»

«እናትየው።»

እናቴ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንሥታ አታውቅም፣ በዓሉን ሙሉ ግን ሥራ እንድካፈላት አልጠራችኝም።

ወልቂጤ ተመልሼ ወደ አንድ ቄስ ሄድኩ። ለአንዲት ለሞተች ሴት ጸሎት ማስደረግ እፈልጋለሁ አልኳቸው።

«ክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉኝ።

አላውቅም።

«ዘመድ የላትም?»

«አንድ ልጅ አላት።»

«እሱን ጠይቂው ታዲያ።»

አድራሻው ፋይሉ ላይ ነበር። ወረቀት ገዛሁ፣ ፖስታ ገዛሁ። ቢሮዬ ቁጭ ብዬ «ለተከበሩ መምህር» ብዬ ጻፍኩና ቃሉን አየሁት። «የተከበሩ»። ወረቀቱን ቀደድኩት። ሌላ አልጀመርኩም። ያቺ ሴት እስከ ዛሬ ጸሎት አልተደረገላትም፣ በእኔ በኩል፤ ይህም የእኔ ኃጢአት ነው፣ አውቃለሁ። እሱን ግን ስሟን አልጠይቀውም።